ጎልማሳ ሆኖ መንዳት መማር፦ እግር የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው?

ዳገት ላይ ነኝ። ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። መኪናው አንዴ ዘለለና እንደገና ጠፋ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክሱን ነካ አደረገው። ሦስተኛ ሞከርኩ። ጠፋ። አሁን ክላክሱ ረዘመ። ፍሬን ላይ ያለው ቀኝ እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገፈገፋል። ጉልበቴን በእጄ ልይዘው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው አሰልጣኝ በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የእጅ ፍሬኑን ጎተተና «ጋሼ፣ አይዞዎት። መኪናው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ይተንፍሱ» አለኝ። መተንፈስ አቁሜ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ያን ቀን ቤት ስገባ በራሴ ላይ የሰጠሁት ፍርድ አጭር ነበር፦ «እኔ ለመኪና አልተፈጠርኩም።» ዕድሜው ገፋ ካለ በኋላ መሪ የሚጨብጥ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚሁ ፍርድ ላይ ይደርሳል። አንዳንዱም እዚያው ይቀራል። በኋላ ነገሩን ሳነብና ሳጠያይቅ ግን ዳገቱ ላይ የሆነው አንድ ነገር እንዳልነበረ ገባኝ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ጊዜ ተደራርበውብኝ ነበር። ሁለቱንም «ፍርሃት» ብለን ስለምንጠራቸው ነው መፍትሔያቸው የሚምታታብን።

ጭንቅላቴ ለምን ይሞላብኛል?

የመጀመሪያው ነገር ፍርሃት አይደለም። የቦታ ጥበት ነው።

አእምሯችን አሁን በእጁ የያዘውን ጉዳይ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ቦታ አለው። ባለሙያዎቹ «የሥራ ትውስታ» ይሉታል። ትንሽ ጠረጴዛ አድርጋችሁ አስቡት። ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ፣ በአንድ ጊዜ ልንይዘው የምንችለው ነገር ሰባት ገደማ ነው ብሎ ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ አራት አካባቢ ዝቅ አድርገውታል።

አሁን አንድ መታጠፊያ ላይ ያለውን ሥራ ቁጠሩ። ስፖኪዮ ማየት። ፍሬቻ ማብራት። ፍጥነት መቀነስ። ፍሪሲዮን መርገጥ። ማርሽ መቀየር። ከፊት የሚመጣውን መኪና መመዘን። የሚሻገር እግረኛ መኖር አለመኖሩን ማየት። መሪውን መጠምዘዝ፣ መልሶ ማቃናት። ስምንት ገባን። አሰልጣኙ «ቀስ ይበሉ» ካለ ዘጠኝ። ጠረጴዛው ይሞላና የሆነ ነገር ይወድቃል። እኔ ጋ ሁልጊዜ የሚወድቀው ፍሬቻው ነበር። አብርቼው አላውቅም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ልምድ ያለው ሹፌር እያወራ፣ ራዲዮ እየሰማ እንዴት ይታጠፋል? ጠረጴዛው ከእኛ ሰፍቶ አይደለም። አብዛኛውን ሥራ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ለሌላ ክፍል አስረክቧል። ስልካችሁ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ስትጽፉ «ሰ» የት እንዳለች ታስባላችሁ? ጣታችሁ ራሱ ይሄዳል። የጫማ ክር ስታስሩም እንደዚያው ነው። ይህ የልማድ ትውስታ ከሥራ ትውስታ የተለየ ነው፤ አእምሮ ውስጥ የሚኖርበት ቦታም ሌላ ነው።

ፖል ፊትስ እና ማይክል ፖስነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን ጉዞ በሦስት ደረጃ ከፍለውታል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ነገር እያሰብን እንሠራለን። ቀጥሎ ነገሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ስህተቱም ይቀንሳል። በመጨረሻ ሳናስብ እንሠራዋለን። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ሰው መንገዳገዱ የግድ ነው። ዕድሜም፣ ጉብዝናም አያስቀረውም። በሥራው አንቱ የተባለ ሐኪምም ይሁን መሐንዲስ፣ መጀመሪያ ቀን ላይ ማርሽ ሲቀይር መንገዱን ትቶ ካምቢዮውን ያያል።

ከዚህ የሚወጣው ዘዴ ቀላል ነው፦ አንድ አንድ ነገር እየነጠሉ መለማመድ። ባዶ ሜዳ ላይ መሪ ብቻ። ሌላ ቀን ፍሪሲዮንና ማርሽ ብቻ። የቆመ መኪና ውስጥ ሞተር ሳያስነሱ ፍሪሲዮን እየረገጡ ማርሽ መቀየር እንኳ ይጠቅማል። እኔ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሹን ዓይኔን ጨፍኜ አንድ መቶ ጊዜ ያህል ቀይሬያለሁ። ጎረቤት አይቶ ምን እንዳለ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ካምቢዮውን አይቼው አላውቅም።

ፍርሃቱ ራሱ ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው ነገር እውነተኛው ፍርሃት ነው። አእምሮ ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የመሰለች ክፍል አለች። የአደጋ ደወል ናት። ደወሉ ሲደወል አድሬናሊን ደም ውስጥ ይፈሳል፤ ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልባል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ዝግጅት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ነው። መኪና ውስጥ ግን ሩጫም ትግልም የለም። ተወጥሮ የተዘጋጀው እግር የሚጠበቅበት ፔዳል ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። እናም ይንቀጠቀጣል። የእኔ እግር ዳገቱ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ደወሉ እውነተኛ አደጋን ከክላክስ ድምፅ ለይቶ አያውቅም። ቀድሞ ይደውላል፣ ማጣራቱ በኋላ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያ ቤት ሲቃጠልም፣ ድስት ሲያርም እኩል እንደሚጮኸው ማለት ነው።

ክፉው ነገር ሁለቱ ሲገናኙ ይመጣል። ፍርሃት ራሱ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ይይዛል። «ብጋጭስ? ምን ይሉኛል?» የሚለው ሐሳብ እንደ ማንኛውም ሐሳብ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ፈርተን እንሳሳታለን፣ ተሳስተን ይበልጥ እንፈራለን። ሮበርት የርክስ እና ጆን ዶድሰን እ.ኤ.አ. በ1908 አይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ያዩት ነገር እዚህ ላይ ይረዳናል፦ ሥራው ከባድ ሲሆን፣ መጠነኛ ጫና ትምህርቱን ያፈጥናል፤ ከልክ ያለፈ ጫና ግን ያዘገየዋል። ከጎናችሁ ተቀምጦ የሚጮህ አሰልጣኝ ካለ የሚያስተምራችሁ ሳይሆን ጠረጴዛችሁን የሚያጣብብ ነው። ሰው መቀየር ነውር የለውም።

ፍርሃት ዓይንንም ይይዛል። ጀማሪ ሹፌር ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለውን አስፋልት ነው የሚያየው። ጀማሪና ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ዓይናቸው የት የት እንደሚያርፍ ያነጻጸረ እ.ኤ.አ. የ1972 ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ጀማሪዎቹ ቅርብ ቅርቡን ያዩ ነበር፣ ስፖኪዮም እምብዛም አያዩም። ቅርብ ስታዩ ሁሉም ነገር ይፈጥንባችኋል፣ መሪውም ግራ ቀኝ ይዋልላል። ዓይን ሩቅ ሲሄድ መኪናው በራሱ ቀጥ ይላል። ሲያሰለጥኑኝ ይህን ሃያ ጊዜ ተነግሮኛል። የገባኝ ግን አንድ ቀን መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለ ዛፍ ላይ ዓይኔን ተክዬ ስነዳ ነው። መሪውን ያስተካከልኩት መሰለኝ እንጂ እጄን አላንቀሳቀስኩትም ነበር።

ፍሪሲዮን ምንድን ነው? ለምንስ ያስለቅሰናል?

አውቶማቲክ መኪና የምትማሩ ይህን ክፍል ዝለሉት። በአንዳንድ አገሮች ግን በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማኑዋል መንዳት አይፈቀድለትም፤ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተነሳ ሞተር ሁልጊዜ ይሽከረከራል፤ መኪናው ቆሞም ቢሆን በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ገደማ። ጎማው ደግሞ ቆሟል። የሚሽከረከረውን ከቆመው ጋር የሚያገናኙት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሳህኖች ናቸው እንበል። አንዱ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ከጎማው ጋር የተያያዘ ነው። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ሳህኖቹ ይላቀቃሉ። ስትለቁት ይጣበቃሉ።

ብስክሌት ገልብጣችሁ ጎማውን አሽከርክሩት። አሁን መዳፋችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉበት። እየፈተገ እጃችሁን ይዞ ሊሄድ ይፈልጋል። ድንገት ጨብጡት፤ ቀጥ ይላል። ፍሪሲዮንም ይኸው ነው። ቀስ ብላችሁ ከለቀቃችሁ ሳህኖቹ እየተፋተጉ የመኪናውን ክብደት ይዘውት ይነሳሉ። ድንገት ከለቀቃችሁ ሞተሩ ያን ሁሉ ክብደት በአንዴ መጎተት አይችልም፣ ይታነቃል። ሞተር ጠፋ የምንለው ይህን ነው። መኪናው አልተበላሸም። ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ያጠፋሁት ሞተር እስከዛሬ ይሠራል።

በመሃል ሳህኖቹ መነካካት የሚጀምሩበት ነጥብ አለ። እዚያ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ቀና ይላል፣ ወለሉ ከእግራችሁ ሥር ይነዝራል። ይህን ነጥብ እግራችሁ እስኪያውቀው ሌላ ነገር አትማሩ ብል ደስ ይለኛል። ሜዳ ላይ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ብቻ እያነሳችሁ መኪናው ራሱ እስኪንቀሳቀስ ጠብቁ። ከዚያ ረግጣችሁ አቁሙት። እንደገና። አሰልቺ ነው። ዳገት ላይ ግን ዋጋውን ታዩታላችሁ፦ የእጅ ፍሬን ስባችሁ፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ፣ ያ ንዝረት ሲመጣ ጠብቃችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ። መኪናው ወደ ኋላ አይሸራተትም።

ፍርሃቱ ሲለቀኝ ብጀምርስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ዓመታት የሚያባክነው። እኔም ከዚያ ዳገት በኋላ አሰልጣኙን «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩት። ጉንፋን አልነበረኝም። ስልኩን ስዘጋ የተሰማኝ እፎይታ ግን የሚገርም ነበር።

ችግሩ ያ እፎይታ ነው። ለአእምሮ እፎይታ ሽልማት ነው። ቀጠሮ በሰረዛችሁ ቁጥር «መኪና አደጋ ነው፣ መቅረት ያድናል» የሚለውን ትምህርት እያጠናከራችሁ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደወሉ ቀድሞ ይደውላል፤ ገና ጫማ ስታደርጉ። የምትፈሩት ነገር ሳይመጣ ቀርቶ ማየት አልቻላችሁምና ሌላ ትምህርት የሚገባበት በር ተዘግቷል።

በሩ እንዴት እንደሚከፈት መጀመሪያ ካሳዩት ሰዎች አንዷ ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል አጥብቆ የሚፈራ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ልጅ ታሪክ አሳተመች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ፣ ጥንቸሏ በሽቦ ቤት ውስጥ ሆና በክፍሉ ጥግ ትቀመጣለች። በሌላ ቀን ትንሽ ትቀርባለች። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ ዳሰሳት። ጆሴፍ ወልፔ የተባለው ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን አካሄድ እንደ መሰላል አደራጅቶ ለአዋቂዎች ሕክምና አቀረበው።

የእኔ መሰላል ይህን ይመስል ነበር። የቆመ መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ ዝም ብሎ መቀመጥ። ባዶ ሜዳ። እሁድ ማለዳ ጭር ያለ የሰፈር መንገድ። ያው መንገድ በሥራ ቀን። አንድ መብራት ያለበት መስቀለኛ። አደባባይ። ዳገት። ምሽት። የእናንተ ቅደም ተከተል ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አደባባይ የማይፈራ፣ ፓርክ ማድረግ ሲባል ግን የሚያልበው ሰው አውቃለሁ።

መሰላሉ ላይ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ ከመኪናው አትውረዱ። ጠርዝ ይዛችሁ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ አራት እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ ስለዚህ ነው ማስወጣቱ የሚረዝመው። ልብ ሲረጋጋ ያንኑ መንገድ አንዴ ድገሙትና ያኔ ውረዱ። አእምሮ ይዞ የሚሄደው ማሳረጊያውን ነው።

ሌላ የጠቀመኝ ነገር እያወሩ መንዳት ነው። የሚታየውንና የሚሠራውን ጮክ ብሎ መናገር፦ «ከፊት ሚኒባስ አለ፣ ሊቆም ነው። ስፖኪዮ። ፍሬቻ።» አፍ ስለ መንገዱ ሲያወራ «ብጋጭስ» የሚለው ሐሳብ ቦታ ያጣል። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ በኋላ ይለመዳል።

ከኋላ ክላክስ ሲጮህስ?

በግልጽ እንነጋገር። ጎልማሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው መጋጨትን አይደለም። ሰው ነው። በሥራው የተከበረ፣ ቤት የሚያስተዳድር ሰው፣ ሃያ ዓመት ጀማሪ ሆኖ አያውቅም። ድንገት ልጅ እግር ሹፌር ፊት እንደ ተማሪ ይቆማል። የ18 ዓመት ወጣት ይህ ጭነት የለበትም፤ ገና ሁሉ ነገር ላይ ጀማሪ ነውና።

ያ ክላክስ ግን የሚነግራችሁ ከኋላ የቸኮለ ሰው እንዳለ ብቻ ነው። ከመኪናችሁ ውስጥ ምንም እንድታደርጉ አያዝዝም። በጣም አደገኛው ስህተት የሚሠራውም ለክላክስ መልስ ለመስጠት ሲጣደፉ ነው፤ ሳያዩ አደባባይ ውስጥ መግባት፣ ቀይ መብራት ሳይለቅ መፈትለክ።

አገሮች ይህን ያውቁታል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ተማሪ ሹፌር በነጭ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቀይ «ኤል» ፊደል መኪናው ላይ እንዲለጥፍ ታስገድዳለች። በጃፓን ደግሞ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ለአንድ ዓመት አረንጓዴና ቢጫ ምልክት ይለጥፋል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ነው። የምትኖሩበት አገር ምልክት ካለው ለጥፉት። ከሳምንት በኋላ በሀፍረት የሚያወልቁት አሉ። እኔ ቀለሙ እስኪለቅ አቆይቼዋለሁ።

ፍርሃቴ ትክክል ቢሆንስ?

በከፊል ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ወጣት ሹፌሮች ከቁጥራቸው በላይ አደጋ ውስጥ የሚገኙት አንዱ ምክንያት፣ አደጋን የሚመዝነው የአእምሮ ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ በስሎ ስለማያልቅ ነው። እናንተ እሱን አልፋችሁታል። ጥንቃቄው የእናንተ ነው፤ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚጎድለው።

አቅጣጫው ርቀት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዓይናችሁ አይቶ እግራችሁ ፍሬን እስኪደርስ ያ ሁሉ መንገድ አለፈ፤ ፍሬኑ ገና መያዙ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ርቀት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ30 ወደ 60 ስትወጡ ፍጥነቱ በእጥፍ ይጨምራል፣ ፍሬን የሚፈልገው ርቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ ጀምራችሁ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ቀርባችኋል። ዝናብ ካለ እጥፍ አድርጉት። ባዶ «እፈራለሁ» ወደ ሁለት ሰከንድ ተለወጠ ማለት ነው፤ ሁለት ሰከንድ ደግሞ ይቆጠራል።

ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሰው ከሰው ይለያያል፤ ቁጥር ብሰጣችሁ እዋሻለሁ። አከፋፈሉ ግን የታወቀ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የትውስታ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንዴ ከተጠናው ይሻላል። እንቅልፍም እጅና እግር የተማሩትን ያጸናል። በሳምንት ሦስት ቀን አርባ አርባ ደቂቃ፣ ቅዳሜን ሙሉ ከመንዳት ይበልጣል። በነገራችን ላይ ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን ባያስተምር ጥሩ ነው። ይህን ያልኩት ከጥናት አይደለም።

ከተለመደው ፍርሃት በላይ ከሆነስ?

መኪና ውስጥ ሲገቡ ትንፋሽ የሚያጥር፣ ደረት የሚጨነቅ፣ ራስ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም ካለፈ አደጋ ጋር የተያያዘ ቅዠትና ድንጋጤ ካለ፣ ጉዳዩ ከአሰልጣኝ በላይ ነው። አማክሶፎቢያ የሚባል ስም ሁሉ አለው፤ የመንዳት ጽኑ ፍርሃት ማለት ነው። በንግግር ሕክምና ይታከማል፤ ባለሙያው የሚጠቀመውም በአብዛኛው ያንኑ መሰላል ነው፣ በጥንቃቄና በእርጋታ። በራሳችሁ የማረጋጊያ ኪኒን ወይም አልኮል ወስዳችሁ መሪ አትያዙ። ፍርሃቱን ሲያደነዝዙ እግራችሁንም ያደነዝዛሉ።

እኔ ከውሸት ጉንፋኔ «ድኜ» ስመለስ አሰልጣኙ ምንም አልጠየቀኝም። ወደ ዳገቱ የመለሰኝ በሁለተኛው ወር ነው። መሃል ላይ ስደርስ ሞተሩ ጠፋ። የእጅ ፍሬን፣ ቁልፍ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ትንሽ ነዳጅ፣ ንዝረቱን መጠበቅ። ከኋላ ክላክስ ጮኸ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም። ጮክ ብዬ «የእጅ ፍሬን ልቀቅ» እያልኩ ነበር።